የኢንዱስትሪያል ምህንድስና ተመራቂ ከፋብሪካ አጥር ውጭ

ኢንዱስትሪያል ምህንድስና ሰውን፣ ማሽንን፣ ጥሬ ዕቃንና ጊዜን አቀናጅቶ ብክነትን የሚቀንስ ሙያ ነው። የሙያው መዳረሻ ፋብሪካ ብቻ የሚመስለው ተመራቂ ግን የቅጥር ማስታወቂያ ሲጠብቅ ጊዜው ያልፋል። በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ ያለውን ሥራ ላስተዋለ መስኩ ከዚህ ይሰፋል።

ቀዳሚው በእርግጥ የማምረቻው ዘርፍ ነው። እንደ ዳሽን ባለ የቢራ ፋብሪካ የምርት ዕቅድ፣ የጥራት ቁጥጥርና የጥገና መርሐ ግብር የዘወትር ሥራ ናቸው።

ሁለተኛው የአቅርቦት ሰንሰለት ነው። የዳባትና የደባርቅ ደጋ ገብስ አብቃይ ነው። ገብሱ ከአውድማ ተነሥቶ ብቅል እስኪሆን ድረስ ይሰበሰባል፣ እርጥበቱ ይለካል፣ ይከማቻል፣ ይጓጓዛል፤ በየደረጃው የሚባክነው እህል ገበሬውንም ፋብሪካውንም ይጎዳል። መጋዘኑ የት ይሠራ፣ መኪናው መቼ ይነሣ የሚለው የዚህ ሙያ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው የጤና አገልግሎት ነው። ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ባረጋገጠው ቀመር መሠረት፣ በአንድ አገልግሎት ውስጥ በአማካይ የሚገኙ ሰዎች ብዛት በሰዓት የሚገቡት ቁጥር በቆይታ ጊዜያቸው ሲባዛ የሚገኘው ነው። በሰዓት 20 ታካሚ ተቀብሎ እያንዳንዱን 3 ሰዓት የሚያቆይ ሆስፒታል በአንድ ጊዜ 60 ሰው ይይዛል፤ ቆይታው ወደ 2 ሰዓት ቢወርድ ቁጥሩ 40 ይሆናል። ለዚህም አዲስ ሕንፃ ሳይሠራ፣ የካርድ፣ የላቦራቶሪና የመድኃኒት መስኮቶችን አሠራር ማቀናጀት ሊበቃ ይችላል።

ስለዚህ የመመረቂያ ጥናቱን ከእነዚህ በአንዱ ላይ የሠራ ተማሪ ለቀጣሪው ከዲግሪው ጋር በቁጥር የተለካ መፍትሔ ያቀርባል።