የሚውጡት ምግብ ደረት ላይ ሲቆም

አንዳንድ እናቶች «የዋጥኩት እህል ደረቴ ላይ ይቆማል» ይሉናል። ለብዙዎቹ ምክንያቱ ቃር ነው፤ በእርግዝና ወራት ደግሞ ቃር የተለመደ ነው። ነገር ግን መጀመሪያ እንጀራው፣ ኋላም ፈሳሹ ጭምር አልወርድ ካለ «ስወልድ ይለቀኛል» ብሎ መተው ተገቢ አይደለም። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ እጅግ አልፎ አልፎ የሚታይ ቢሆንም፣ አብሮ የተወለደ የምግብ ቧንቧ ከረጢት ነው።

ከረጢቱ የሚፈጠረው ፅንሱ ከ5ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ሳለ፣ የምግብ ቧንቧው በሚሠራበት ጊዜ ነው። ከቧንቧው ጥቂት ተነጥሎ ይቀርና ፈሳሽ ይቋጥራል። እናትየው ያን ጊዜ ማርገዟን እንኳ ላታውቅ ትችላለች፤ በእርሷ የሚሳበብ ጥፋት የለም፣ እርግማንም አይደለም። አብዛኛው በልጅነት ይታወቃል። የቀረው ድምፁን አጥፍቶ ኖሮ፣ ሰውየው ካደገ በኋላ ለሌላ ጉዳይ በተነሳ የደረት ራጅ ድንገት ይገኛል። ካደገ ግን ቧንቧውን ይጫናል፣ ደረት ያማል፤ የአየር ቧንቧን ከተጫነም ያስላል።

ለምርመራ ባሪየም የሚባል ነጭ ፈሳሽ እየጠጡ ራጅ ይነሳሉ፤ ቧንቧው ከአንድ ጎኑ ተገፍቶ ይታያል። ሲቲ ስካን ቦታውንና መጠኑን ያሳያል። ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ይሁን ጠጣር እጢ በይበልጥ የሚለየው ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለው ኢንዶስኮፒ ነው፤ ይህ ግን በየሆስፒታሉ የሚገኝ መሣሪያ አይደለም። በመርፌ ወግቶ ናሙና መውሰድ ኢንፌክሽን ሊያስገባ ስለሚችል ሐኪሞች ይጠነቀቁበታል። ራጅና ሲቲ ስካን ጨረር አላቸው። እርጉዝ ከሆኑ ወይም የወር አበባዎ ከቀረ፣ ባይጠየቁም እንኳ አስቀድመው ይናገሩ።

ከረጢቱን የሚያሟሟ መድኃኒት የለም። ሕመም ካስከተለ በቀዶ ሕክምና፣ የቧንቧው የውስጥ ሽፋን እንዳይቀደድ እየተጠነቀቁ ፈልቅቀው ያወጡታል። ቀድሞ ደረት በሰፊው ይከፈት ነበር፤ ዛሬ ባለሙያውና መሣሪያው ባለበት በትናንሽ ቀዳዳዎች፣ በካሜራ እየታየ ይሠራል። ሕመም በሌለው ትንሽ ከረጢት ላይ ሐኪሞች አንድ አይደሉም። ገሚሶቹ በየጊዜው እያዩ መጠበቅን ይመርጣሉ። ሌሎቹ ሊመረቅዝ፣ ሊደማ፣ አልፎ አልፎም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል ይውጣ ይላሉ። ልጅ ለመውለድ ካሰቡ ይህን ጥያቄ ከማርገዝዎ በፊት ቢያነሱት ይሻላል፤ ውሳኔው እስኪያልቅ የሚስማማዎትን የወሊድ መቆጣጠሪያ እኛ ዘንድ ማማከር ይችላሉ።

ምራቅ እንኳ መዋጥ ካቃተዎት፣ ደም ካስታወከዎት ወይም የደረት ሕመም ከትኩሳት ጋር ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።