የእጅ ባትሪ የሚርገበገበው በምን ምክንያት ነው?



መብራት በድንገት በሚጠፋበት ሌሊት ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው ዕቃ የእጅ ባትሪ ነው። ትኩሳት ለያዘው ሕፃን መድኃኒት በልኩ ለሚያጠጣ ወላጅ፣ በደጅ የሰማውን ኮሽታ ለማጣራት ለሚወጣ ሰው፣ በጨለማ ደረጃ ለሚወርድ አረጋዊ የዚህች ትንሽ መሣሪያ ብርሃን ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንደሚታየው፣ ማብሪያው ሲገፋ ብርሃኑ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ በመዳፍ መታ መታ ሲያደርጉት ይበራል፤ እጅ ዘንበል ሲል ደግሞ ተመልሶ ይጨልማል።

በዚህ ጊዜ ባለቤቱ «ድንጋዩ አልቋል» ብሎ ይፈርድና ገና ኃይል ያላቸውን ድንጋዮች ጥሎ አዲስ ይገዛል። አዲሶቹ ገብተውም ብርሃኑ እንደ ቀድሞው ሲርገበገብ ያዝናል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ይህ ነው። ድንጋይ ያለቀ እንደ ሆነ ብርሃኑ ቀስ በቀስ እየደከመ ይሄዳል እንጂ፣ በተመታ ጊዜ ደምቆ በዘነበለ ጊዜ አይጠፋም። እንዲህ የሚያደርገው በአብዛኛው ድንጋዩና መሣሪያው የሚነካኩበት ሥፍራ መላላቱ ወይም መቆሸሹ ነው። ይህንንም ጥፋት ማንም ሰው ጥቂት ትዕግሥት ካለው በገዛ ቤቱ ሊያቃናው ይችላል።

ጥገናውን ለመረዳት አስቀድሞ የመሣሪያውን አሠራር ማወቅ ያሻል። ፈረንሳዊው ዦርዥ ለክላንሼ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም. ከዚንክ፣ ከካርቦንና ከማንጋኒዝ የተሠራ ፈሳሽ ያለበት ባትሪ አወጣ። ጀርመናዊው ካርል ጋስነር በ1886 ዓ.ም. ፈሳሹን በልቁጥ ነገር ተክቶ፣ ቢገለብጡት የማይፈስ ደረቅ ባትሪ አደረገው። ዛሬ «የባትሪ ድንጋይ» የምንለው የዚሁ ሥራ ልጅ ነው። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ይሰጣል፤ ሁለቱ ተከታትለው ሲቀመጡ 3 ቮልት ይሆናሉ።

የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄደው መነሻውና መድረሻው በተገናኘ ዙር መንገድ ብቻ ነው። በሁለት ድንጋይ በሚሠራው ባትሪ ውስጥ ይህ መንገድ ከፊተኛው ድንጋይ እንብርት ተነሥቶ ወደ አምፑሉ ይገባል፤ ከአምፑሉ በማብሪያው በኩል አድርጎ በቀፎው ብረት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በኋላው ክዳን ውስጥ ባለው ሞላ አማካይነትም ወደ ኋለኛው ድንጋይ ግርጌ ይደርሳል። ከእነዚህ መገናኛዎች አንዱ ብቻ ቢላላ መንገዱ ሁሉ ይቋረጣል።

መንገዱ ፈጽሞ ባይቋረጥም እንኳ ዝገትና እድፍ ጉዳት ማድረሳቸው አይቀርም። ጀርመናዊው ጌዎርግ ኦም በ1827 ዓ.ም. ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ በመንገዱ ላይ ያለው እንቅፋት በጨመረ ቁጥር የሚያልፈው ኃይል ይቀንሳል። ለምሳሌ በ3 ቮልት ግማሽ አምፔር የሚወስድ አምፑል የራሱ እንቅፋት 6 ኦም ነው። የዛገው መገናኛ 2 ኦም ቢጨምርበት ድምሩ 8 ኦም ይሆናል፤ ፍሰቱም ከ0.5 ወደ 0.375 አምፔር ይወርዳል። የአምፑሉን እንቅፋት እንዳለ ብንይዘው፣ ይደርሰው የነበረው 1.5 ዋት ወደ 0.84 ዋት ዝቅ ይላል ማለት ነው። እንግዲህ በዓይን የማትታይ ስስ ዝገት የመብራቱን ኃይል ወደ ግማሽ ገደማ ልትቀንሰው ትችላለች።

በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መስጠት አይገባምና አስቀድሞ ምርመራ ይደረግ። የኋላውን ክዳን ፈትተው፣ ማብሪያውን ወደ ማብራት አድርገው፣ በአንድ አጭር ሽቦ የኋለኛውን ድንጋይ ግርጌ ከቀፎው ባዶ ብረት ጋር ያገናኙ። ቀፎው ፕላስቲክ እንደ ሆነ በውስጡ ከተዘረጋው ቀጭን ብረት ጋር ያገናኙት። በዚህ ጊዜ ብርሃኑ ሳይርገበገብ ደምቆ ከበራ ጥፋቱ በክዳኑና በሞላው ላይ ነው። ካልበራ ግን የአምፑሉን መቀመጫና ማብሪያውን መመልከት ይገባል።

ከምርመራው በኋላ ድንጋዮቹ ሁሉ ይውጡና የጽዳት ሥራ ይጀመር። እድፉ ቀላል ከሆነ መገናኛውን በእርሳስ ላጲስ ማሸት ይበቃል። ጠንከር ያለ ዝገት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይነሣል። አጥብቆ መፋቅ ግን አይገባም፤ ብረቱ ከዝገት እንዲጠበቅ የተቀባው ስስ ንጣፍ ከተገፈፈ ቶሎ መልሶ ይዝጋልና። የክዳኑና የቀፎው ጥምዝ ጥርሶችም ኃይሉ የሚያልፍባቸው ስለሆኑ በጨርቅ ይወልወሉ።

ድንጋዩ አፍስሶ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ቢገኝ በባዶ እጅ አይነካ፤ ከዓይንም ይራቅ። አልካላይን ከሚባለው ድንጋይ የሚወጣው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳን የሚያቃጥል ነው። ይህ በጥጥ በተነከረ ጥቂት ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ይበርዳል። ከተራው የዚንክና የካርቦን ድንጋይ የሚወጣው ግን ወደ አሲድነት ስለሚያደላ፣ በውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይጠረጋል። በሁለቱም ረገድ ቦታው በኋላ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ ድንጋይ አይገባበትም።

ሞላው ንጹሕ ሆኖ ኃይሉ የደከመ እንደ ሆነ፣ በፒንሳ ይዞ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ ሳብ ማድረግ ነው። ከመጠን በላይ ከተሳበ ግን መልሶ መግፋቱን ይተዋል። መገናኛው እንደ ምላስ የተዘረጋ ጠፍጣፋ ብረት ከሆነ ወደ ድንጋዩ በኩል በመጠኑ ቀና ይደረጋል። ቀና ማድረግ ባይቻል፣ በብረቱና በፕላስቲኩ ግድግዳ መካከል የታጠፈ ወፍራም ወረቀት ይግባ። ወረቀት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሥራው ግን ብረቱን ከኋላ ገፍቶ ከድንጋዩ ጋር ማጣበቅ ብቻ ስለሆነ ይህ ጉዳት የለውም።

አንዳንድ ሰዎች በሞላውና በድንጋዩ መካከል የሲጋራ ብርማ ወረቀት አጣጥፈው ያስገባሉ። ይህ ለአንድ ሌሊት ችግር የሚረዳ ቢሆንም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ብርማው ወረቀት ተንሸራቶ የድንጋዩን ሁለት ጫፎች ቢያገናኝ፣ ሕዝቡ «ኮንታክት» የሚለው ይፈጠርና ድንጋዩ ይግላል፤ ሊያፈስም ይችላል። በተለይ ዳግመኛ በሚሞሉት የሊቲየም ባትሪዎች ላይ እንዲህ ያለው ድፍረት እሳት እስከ ማስነሣት ስለሚደርስ ፈጽሞ ሊሞከር አይገባም።

የዛሬውን ጥገና ዘላቂ የሚያደርገው የነገው አያያዝ ነው። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አብሮ አይግባ፤ ደካማው አስቀድሞ ያልቅና ብርቱው በግድ ሲነዳው በውስጡ ጋዝ ተፈጥሮ ማፍሰስ ይጀምራል። ለብዙ ጊዜ የማይሠራበት ባትሪም ድንጋዩ ወጥቶ ይቀመጥ። ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ አብርቶና ነቅነቅ አድርጎ መፈተን መልካም ልማድ ነው።

የእጅ ባትሪ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ለአንዲት ሰዓት የሚፈለግ አገልጋይ ነው። በዚያች ሰዓት ብርሃኑ ቢከዳ ጨለማው የሚያስከትለው ጉዳት ከዕቃው ዋጋ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ የቤት ኃላፊ ጨለማው ሳይመጣ ገና በቀን ብርሃን ሳለ ክዳኑን ፈትቶ እንዲመለከት እያሳሰብን፣ የዛሬውን ንግግራችንን በዚህ እንፈጽማለን።