የግል ዓርማ፦ ውበት ወይስ ተነባቢነት?

ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብረኽት ዱረር (እ.ኤ.አ. 1471–1528) የስሙንና የቤተሰብ ስሙን መነሻ ፊደላት፣ አንዱን በሌላው እግሮች መካከል በማሳረፍ፣ የግል ዓርማው አድርጎ ነበር። ጣሊያናዊው ቀራጭ ማርካንቶኒዮ ራይሞንዲ የዱረርን ሕትመቶች ከነዓርማቸው መቅዳቱ የምልክቱን ዋጋ ያመለክታል።

ዓርማውን በግእዝ ፊደል የሚነድፍ ባለሙያ ግን ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት በቀኝ እግራቸው ላይ ባለችው አጭር ጭረት አቀማመጥ ብቻ ነው። ዓርማው ለማኅተም ወይም ለስልክ ሲያንስ ጭረቷ ከጠፋች ሁለቱም «በ» ይሆናሉ፤ የባለቤቱም ስም አብሮ ይለወጣል። ስለሆነም ንድፉ በቀለም ከመዋቡ አስቀድሞ በጥቁርና ነጭ፣ በትንሽ መጠን ታትሞ፣ ባለቤቱን በማያውቅ ሰው ሊነበብ ይገባል። የማይነበብ ዓርማ ጌጥ እንጂ ፊርማ አይሆንም።