ድፍን ዜሮ

ሁለት ሪአክተሮች ተከታትለዋል። በፊተኛው ሚቴን ይነድዳል፤ የጋለው ጋዝ ወደ ኋለኛው ይፈስሳል። የካልቴክ ፕሮፌሰር የነበሩት ዴቪድ ጉድዊን የጀመሩት ነፃ ሶፍትዌር፣ ካንቴራ፣ ይህን በፓይተን በጥቂት መስመር ያሰላዋል። የቃጠሎው ኬሚስትሪ ጂአርአይ ሜክ 3.0 ነው፦ 53 ዓይነት ኬሚካሎች፣ 325 ሪአክሽኖች።

የፈለግሁት አንድ ጭማሪ ነበር፤ ፊተኛው ለኋለኛው በጨረር የሚልከው ሙቀት። ጨረር የሚያመነጩት በተለይ የውሃ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናቸው። ስለዚህ ኋለኛው ሪአክተር የፊተኛውን ሙቀትም ቅንብርም በየቅጽበቱ ማወቅ አለበት። ሲሙሌሽኑን እያስቆሙ ቁጥሩን በእጅ ማሻገር ይቻላል፤ የተሻገረው ግን ምንጊዜም አንድ እርምጃ ይዘገያል። ኤክስቴንሲብል ሪአክተር የሚባለው ክፍል ይሻላል፤ የራስን ኮድ ከእኩልታዎቹ ስሌት በፊት ወይም በኋላ ለማስገባት ይፈቅዳል።

ወደ ፊተኛው በየት በኩል ይኬዳል? ሪአክተሩ ሲፈጠር «ኢንሌትስ» የሚባለው ዝርዝር ባዶ ነው፤ መስመሩ የሚገጠመው በኋላ ነውና። ስሌቱ ሲጀመር ግን የፍሰት መቆጣጠሪያው እዚያ ይገኛል፤ «አፕስትሪም» ሲባል ፊተኛውን ሪአክተር ያቀብላል።

ሁለቱን ጋዞች ይዤ የሙቀት ልዩነታቸውን አሰላሁ። ዜሮ። በየቅጽበቱ ድፍን ዜሮ። የተለያዩ ጋዞች ቢሆኑ ከነጥብ በኋላ ራቅ ብሎም ቢሆን አንድ አኃዝ ይለያያቸው ነበር። ጥርጣሬዬ ከፊዚክሱ ወደ ስሞቹ ዞረ። በፓይተን «ኢዝ» ሳነጻጽራቸው መልሱ «ትሩ» ሆነ፦ ሁለቱም ስሞች የሚያመለክቱት፣ ሁለቱን ሪአክተሮች የፈጠርሁበትን አንድ የጋዝ ኦብጀክት ነው።

እያንዳንዱ ሪአክተር የራሱን ሁኔታ ለብቻው ያስቀምጣል፤ ጋዙን ለማንበብ «ቴርሞ» ሲባል ግን በጋራው ኦብጀክት ላይ ይጭነዋል። ሁለት መምህራን በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ሲፈራረቁ እንደማለት ነው፤ የሚነበበው የመጨረሻው ጽሑፍ ብቻ ነው። የሙቀት መጠኑን ብቻ መጠየቅም ያው ነው፣ እሱም በዚሁ በር ያልፋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። የፊተኛው ቁጥሮች በቅድሚያ ተነብበው በተራ ተለዋዋጭ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ የራስ «ቴርሞ» ይጠራል። ወይም ለየሪአክተሩ የየራሱ ጋዝ ይፈጠራል፤ ሜሞሪ ቢበላም እኔ ይህን እመርጣለሁ። ካንቴራ እኩልታዎቹን ከማስላቱ በፊት የሁሉንም ሪአክተሮች ሁኔታ ስለሚያድስ፣ የሚነበበው ቁጥር የዚያው ቅጽበት ነው።

ልዩነቱ ከዜሮ ተላቀቀ፤ ኋለኛው ሪአክተርም ሞቀ። የቀረው የኃይል ሚዛኑ ነው፦ ኋለኛው ያገኘው ሙቀት ከፊተኛው መቀነስ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ፊተኛው በ«አውትሌትስ» በኩል ወደ ታች ማየት ይኖርበታል።