ግብር የሚያየውና የማያየው ገቢ

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲነበብ ለድሃ ያደላ ይመስላል። አሥራት ይቅር፣ ሁሉም እንደ ገቢው ይክፈል፤ ብዙ ያመረተ ብዙ፣ ጥቂት ያመረተ ጥቂት ይላል። ወራት ሳይቆጠሩ ግን ጎጃም አመፀ። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞትና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ገበሬው ገቢ ገማች ወደ አገሬ አይገባም አለ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በአውሮፕላንም ደበደበ። አልሆነም። በመጨረሻ ጠቅላይ ግዛቱን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፣ ውዝፍ ግብር ተማረ፣ አዲሱ ግብርም በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ።

ጎጃሜ ከጥንትም ግብር አይወድም የሚለው ሐሜት ለዚህ መልስ አይሆንም። እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በግብር ዓይነት ብዛት ሲያስመርሩት የኖረ አገር ነው፤ መክፈሉን ያውቅበታል። ያስፈራው ሌላ ነው፤ ገቢውን ማን ይገምታል የሚለው ጥያቄ።

አውድማ ላይ ቆመን እንየው። ጤፉ በበሬ ተወቅቶ፣ ለነፋስ ተሰጥቶ፣ ምርቱ አንድ ላይ ተከምሯል። የዓመቱ ገቢ እንዳለ ዓይን ፊት ነው። ገማቹ ክምሩን ዞሮ ያይና ይህን ያህል ኩንታል ይወጣዋል ብሎ ይጽፋል። ሚዛን የለም። ለከርሞ የሚቀመጠው ዘር፣ ለበሬ ኪራይ የሚሰጠው፣ ለደቦ የተደገሰው እንዴት ተቀናነሰ ብሎ የሚከራከር ገበሬ መጻፍ አይችልም፤ ገማቹ ደግሞ ሲመሽ የሚያድረው ከጭቃ ሹሙ ወይም ከባላባቱ ቤት ሊሆን ይችላል። የጌታዬ አውድማ ላይ ክምሩ ሲያንስ፣ የድሃው ላይ ሲተልቅ ለማየት ነቢይ መሆን አያሻም። ከዚህም የከፋ ስጋት ነበር። በደቡብ መሬት በቀላድ ሲለካ ብዙ ሰው ርስቱን አጥቶ ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ ምርቴን የገመተ ነገ መሬቴን ይለካል ቢል ገበሬው ከንቱ ጠርጣራ አያሰኘውም።

እርግጥ አመፁ የድሃ ብቻ አልነበረም። በ1958 ዓ.ም. ግብር ሰብስቦ ድርሻ የማስቀረት የርስተ ጉልት መብታቸው በአዋጅ ተሽሮባቸው የከረሙ ባለጉልቶችም ነበሩበት፤ አንዳንዶቹ የራሳቸውን ኪሳራ በድሃው ጩኸት ከልለውታል። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አለ፤ ሀብታም ግብር ሲመጣበት ቀድሞ የሚያነሣው የድሃውን ስም ነው።

የተሻረው አሥራትስ ምን ይመስል ነበር? በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ በጣሊያን ዘመን ዋዜማ በነበረው ተመን እንዲቀጥሉ ሲደረግ፣ በሌላው አገር ግብሩ በጋሻ ተወሰነ። ለአንድ ጋሻ ለም መሬት፣ ማለትም ወደ 40 ሄክታር ለሚጠጋ ማሳ፣ የአሥራቱ ተመን 35 ብር ነበር። የመሬቱ ጌታ ግን ከጭሰኛው የሚቀበለው ከምርቱ አንድ አሥረኛውን በእህል ነው። በጋሻው ላይ 200 ኩንታል ቢታፈስ 20 ኩንታል ወደ ጌታው ጎተራ ይገባል፤ ከዚያ ጌታው ጥቂቱን ኩንታል ሸጦ 35 ብሩን ለመንግሥት ይከፍልና የተረፈውን ያስቀራል። ግብሩን የከፈለው ጭሰኛው፣ ደረሰኙን የያዘው ባለመሬቱ ነው። ለም የሆነውን መሬት ጠፍ ብሎ ማስመዝገብም ለባለሥልጣን ቀላል ነበር። ሕጉን ያወጣ የነበረው ፓርላማ ውስጥ የነበሩት በአብዛኛው ባለመሬቶች መሆናቸውን ስናስብ ይህ አይገርምም። በዚያው በ1960ዎቹ መንግሥት ትራክተር ያለ ቀረጥ እንዲገባ ሲፈቅድ፣ በጭላሎ አውራጃ ባለመሬቱ በማሽን ማረሱ ስለተሻለው ጭሰኛውን አስነሣ። የቀረጥ ምሕረት በወረቀት ላይ ልማት ይባላል፤ ለተነሣው ሰው ግን ስደት ነበር።

ዛሬ ጉልት የለም፣ ጭሰኛም የለም። ግብሩ የሚያዘነብልበት መንገድ ግን ብዙም አልራቀም።

ደብረ ማርቆስ የሚያስተምር፣ የወር ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ መምህር እንውሰድ። ፔሮል ላይ ሲፈርም ግብሩ ተቆርጦ አልቋል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ሰንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ቀጣዩ 2,000 በ15፣ ከዚያ 3,000 በ20፣ የቀረው 3,000 በ25 በመቶ ይቆረጣል። ድምሩ 1,650 ብር ነው። 700 ብር የጡረታ መዋጮ ሲጨመርበት 7,650 ብር ይደርሰዋል። መምህሩ የቤት ኪራዬ፣ የባጃጄ፣ ለትምህርት ብዬ የገዛሁት መጽሐፍ ይቀነስልኝ ማለት አይችልም። ንግዱን በደረሰኝ የሚያስኬድ ነጋዴ ግን የመኪናውን ነዳጅ፣ የቢሮውን ኪራይ፣ የዕቃውን እርጅና ሳይቀር ወጪ ብሎ ካስመዘገበ በኋላ በተረፈው ላይ ነው የሚከፍለው። በመርሕ ደረጃ ስህተት የለበትም፤ ትርፍ ማለት ወጪ ተቀንሶ የቀረው ነውና። ችግሩ የሚመጣው የቤቱ ፍሪጅና የልጆቹ መመላለሻ መኪና ወጪው ውስጥ ሲገቡ ነው። ደመወዝተኛው እንዲህ ልሥራ ቢል እንኳ ቦታው የለውም።

ሰንጠረዡ ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከፍተኛው 35 በመቶ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር። ያን ጊዜ ይህ ገንዘብ ወደ 500 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል፤ ይህን የሚያገኝ ሰው ደህና ኑሮ ያለው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰንጠረዡ ሳይነካ ኑሮ ተወደደ፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ ሰንጠረዡ ሲሻሻል ያው 10,900 ብር ከ80 ዶላር ብዙም አይበልጥም ነበር። አንድም አዋጅ ሳይወጣ፣ ለባለ ከፍተኛ ደመወዝ የታሰበው ተመን መካከለኛው ሠራተኛ ላይ ወረደ። የ2017ቱ ማሻሻያ መምህራችንን በወር 395 ብር አቅልሎለታል። ጣሪያው ግን 14,000 ብር ላይ ነው የቆመው፤ ከዚያ በላይ 15,000 የሚያገኝም 200,000 የሚያገኝም በመጨረሻዋ ብር ላይ እኩል 35 ሳንቲም ይከፍላሉ። በጠቅላላው ሲሰላ ባለ 200,000ው 34 በመቶ፣ ባለ 15,000ው 21 በመቶ ገደማ ስለሚደርስበት ሰንጠረዡ ፍትሕ የለውም ማለት አይቻልም። መሰላሉ ግን አጭር ነው፤ ደረጃዎቹ በሙሉ ታች ተደርድረው ላይኛው ሜዳ ሆኗል።

በቁርጥ ግብር የሚተዳደረው ባለሱቅ ጉዳይ ደግሞ ቀጥታ ወደ አውድማው ይመልሰናል። በ2009 ዓ.ም. ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የሆነ፣ ደረጃ ሐ ይባሉ የነበሩት ግብር ከፋዮች የቀን ገቢያቸው በኮሚቴ ተገመተ። ኮሚቴው ሱቁ ደጃፍ ይቆማል፤ መደርደሪያውን ያያል፤ በቀን ስንት ትሸጣለህ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ የቀኑ በዓመት ይባዛል። በገበያ ቀን የታየ ሽያጭ ለጾሙም ለክረምቱም ተቆጠረ ያለው ብዙ ነው። ግምቱ ሲለጠፍ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቅ ተዘጋ፣ አቤቱታው ጎረፈ። ገማቹ ሁሉ ክፉ ስለነበረ አይመስለኝም። መዝገብ የሌለው ሰው ገቢ በዓይን ብቻ ሲለካ፣ ከመደርደሪያ በስተቀር የሚታይ ነገር የለውም። መጋዘኑ ሌላ ከተማ ያለ አስመጪ ደግሞ ለዚህ ዓይን አይገለጥም።

ትልቁ ባለሀብት የግብር እፎይታም አለው። የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንቦች እንደ ዘርፉና እንደ ቦታው ለዓመታት ከገቢ ግብር ነፃ ያደርጉታል፤ ማሽንም ያለ ቀረጥ ያስገባል። ሥራ ከፈጠረ ይበል ያሰኛል። የሚጎድለው ምን ያህል ግብር ተማረለት፣ ስንት ሰው ቀጠረ የሚለው ለሕዝብ በግልጽ አለመቆጠሩ ነው። ለመምህሩ የተቀነሰችው 395 ብር ግን ሰንጠረዡ ላይ ለማንም ትታያለች።

ቫት ይህን ሁሉ ሳይል ከሁሉም 15 በመቶ ይወስዳል። ሳሙናው ላይ ባለፋብሪካውም የቀን ሠራተኛዋም እኩል ይከፍላሉ። እሷ ያገኘችውን ስለምትጨርስ ከገቢዋ የሚወሰደው ድርሻ ይበልጣል፤ እሱ ከገቢው ብዙውን ስለሚያስቀምጥ ቫቱ አያገኘውም። እንደ ጥሬ እህል ያሉት ነፃ መሆናቸው ጥቂት ያቀልላታል።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። አሜሪካዊው ቢሊየነር ዋረን ቡፌት እ.ኤ.አ. በ2011 ከቢሮው ሠራተኞች ያነሰ መቶኛ ግብር እንደሚከፍል ራሱ በጋዜጣ ጽፏል፤ የሱ 17.4 በመቶ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሱ ገቢ ከአክሲዮን፣ የነሱ ከደመወዝ ነበር።

ሀብትን ራሱን የሚነካ ግብር በእኛም አገር መንገድ ጀምሯል። በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ በከተማ ቦታና ሕንፃ ላይ በየዓመቱ እንዲከፈል ያደርጋል፤ ማስፈጸሙ ለክልሎችና ለከተሞች የተተወ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ አራት ፎቅ ያቆመና በጭቃ ቤት ጡረታውን የሚበላ ሰው በአንድ ዓይን እንዳይታዩ ሕጉ በዋጋ መለየቱ ጥሩ ነው። ግን ዋጋውን የሚገምት ሰው ይኖራል፤ ግምቱን የሚከራከርም።

በክርክሩም ቢሆን አቅም ይለያያል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ግምቱን ያልተቀበለ ግብር ከፋይ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በውሳኔው ካልረካ ወደ ይግባኝ ኮሚሽን ለመሄድ ግን ከተከራከረበት ግብር 50 በመቶውን አስቀድሞ መክፈል አለበት። የሂሳብ ባለሙያና ጠበቃ ያለው ድርጅት ይህን ከፍሎ ይጠብቃል። 60,000 ብር የተገመተበት ባለሱቅ 30,000 ብር ከየት አምጥቶ ይሟገታል? ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ያልተስማማበትን ከፍሎ ይወጣል፤ ወይም ፈቃዱን መልሶ በረንዳ ላይ ይቸረችራል። ግምቱ የተሳሳተበት ባለሱቅ የሚያዋጣው አንድ ነገር የዕለት ሽያጩን በደብተር መያዝ ነው፤ 21ዱ ቀን ሳያልፍ ደብተሩን ይዞ ቢቀርብ፣ ሳይከፍል ሊከራከር የሚችልበት ደረጃ ያ ብቻ ነው።