አይጡ በኩሽናችሁ አይለፍ

ይህን ጽሑፍ ማዕድ ላይ ሆናችሁ የምታነቡ ከሆነ ለጊዜው እጠፉትና በልታችሁ ስትጨርሱ ተመለሱበት። የዛሬው ጉዳያችን እባብ ነው። ይበልጡን ደግሞ እባቡ የሚበላው፣ በረዶ ሆኖ በፌስታል የሚሸጠው አይጥ።

እኛ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲባል እየሰማን ያደግን ነን። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ግን እባብን የሚያውቁት በሌላ መንገድ ነው። ክፍላቸው ውስጥ በመስታወት ሳጥን ተቀምጦ አይተውታል፤ ክንዳቸው ላይ የያዙትም አሉ። ከዚያ ልደት ሲደርስ «እማዬ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም፣ እባብ ብቻ ግዢልኝ» ይመጣል። ምግብ ቤቴ የሚመጡ ወላጆችም «ልጁ አስጨነቀኝ፣ እሺ ብለው ምን ይመጣብኛል?» ይሉኛል።

እኔ የእባብ ሐኪም አይደለሁም። ግን ከሃያ ዓመት በላይ ጥሬ ሥጋ ስገዛ፣ ፍሪዘር ሳስገባ፣ በረዶውን ሳስለቅቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። የጤና ኢንስፔክተር ፍሪጄን ከፍቶ ሲያይ ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ስለ እባቡ የምለውን ደግሞ የእንስሳት ሐኪሞችና የጤና መሥሪያ ቤቶች ከሚሰጡት ምክር ወስጃለሁ። ለወላጆቹ የምመልሰው እንዲህ ነው፦ ጥያቄው እባቡ ቤት መግባቱ ብቻ አይደለም። አይጡስ በየት በኩል አልፎ እባቡ ጋ ይደርሳል? ይህን ሳትመልሱ እሺ አትበሉ።

በረዶ ጀርም አይገድልም

ብዙ ሰው ፍሪዘር ሁሉን ነገር የሚያጸዳ ይመስለዋል። አያጸዳም። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ በረዶ ውስጥ ይተኛል እንጂ አይሞትም፤ ሙቀት ሲያገኝ ይነቃና ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2014 አሜሪካ ውስጥ በብዙ ግዛቶች ሰዎች በሳልሞኔላ ታመው ነበር። ሲጣራ መነሻው ለእባብ ምግብ የተሸጠ የበረዶ አይጥ ሆኖ ተገኘ። እንግሊዝ አገርም ከ2015 ጀምሮ ለዓመታት በዘለቀ ተመሳሳይ ወረርሽኝ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመዋል። እባቡ ራሱም ምንም ሳይታመም፣ ቆዳው እያበራ፣ ይህንኑ ባክቴሪያ ሊሸከም ይችላል።

በሽታው ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። ጤነኛ ትልቅ ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይድናል። ሕፃንና አረጋዊ ላይ ግን ሆስፒታል የሚያስገባ ነው።

እስቲ የእኛን ገበታ አስቡት። በእጃችን እንበላለን። ካንድ ትሪ እንበላለን። እንጎራረሳለን። ክትፎና ጎረድ ጎረድ ሲሆን ደግሞ ባክቴሪያውን የሚገድል እሳት እንኳ የለም። አይጡ ያረፈበት መክተፊያ ላይ ሰላጣ ከተከተፈ፣ አይጡን የነካ እጅ ሳይታጠብ ከጎረሰና ካጎረሰ፣ አንድ ሰው ብቻ አይደለም የሚታመመው። ትሪውን የከበበ ሁሉ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ለእኛ ቤት እጥፍ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ቤተሰቡን ቁጠሩ

የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሕሙማን እባብም ሆነ ሌላ ተሳቢ እንስሳ እንዳይነኩ ይመክራል። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ጭራሽ ባያስገባ ይመረጣል። ብዙዎቻችን ቤት ከአገር የመጡ እማማ አሉ፤ ወለሉ ላይ የሚድህ ሕፃንም አለ። እንዲህ ከሆነ መልሱ «ቆይ» ነው። ለልጁ ግን ምክንያቱን ንገሩት። «እኔ እባብ ስለምጠላ» ሳይሆን «እህትህ ገና ሁለት ዓመቷ ስለሆነ» በሉት። ምክንያት የተነገረው ልጅ መጠበቅ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የቤት ኪራይ ውላችሁንና የምትኖሩበትን ከተማ ሕግ እዩ። ለምሳሌ ሃዋይ ውስጥ እባብ ማሳደግ ክልክል ነው።

ሦስተኛ፣ ዕድሜውን አስሉ። ለጀማሪ የሚመከረው ኮርን ስኔክ የሚባለው መርዝ የሌለው እባብ፣ በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። ሲያድግ በየአሥር ወይም በየአሥራ አራት ቀኑ አንድ አይጥ ይበላል። ይህ በዓመት ሠላሳ ገደማ አይጥ ነው። የአሥር ዓመቱ ልጃችሁ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ኮሌጅ ሲሄድ የአይጡን በረዶ የሚያስለቅቀው ማን ነው? እናት! ስለዚህ ራሳችሁ ለመሥራት የማትችሉትን ሥራ ልጁ ቃል ስለገባ ብቻ አትቀበሉ።

ስትገዙ

የበረዶ አይጥ የእንስሳት ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ ይገኛል፤ በትእዛዝም በደረቅ በረዶ ታሽጎ ቤት ድረስ ይመጣል። የሚሸጠው በመጠን ነው። ገና ጸጉር ያላበቀለው «ፒንኪ» ይባላል፤ ጸጉር የጀመረው «ፈዚ»፤ መዝለል የጀመረው «ሆፐር»፤ ከዚያ ትልቁ አይጥ። መለኪያው ቀላል ነው፤ የአይጡ ውፍረት ከእባቡ ወገብ ወፍራሙ ቦታ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው። በጣም ትልቅ ከሆነ እባቡ መልሶ ይተፋዋል።

ፌስታሉን አገላብጣችሁ እዩ። ውስጡ የበረዶ ጓል ከሞላው፣ ወይም አይጦቹ ተጣብቀው አንድ ሆነው ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ለቆ እንደገና የቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል። ሥጋ ስገዛም የማየው ይህንኑ ነው። ሆዱ የጠቆረ ወይም አረንጓዴ የመሰለውን ተዉት። የገዛችሁትንም ከአስቤዛው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አትክተቱ፤ በተለየ ቦርሳ ያዙና በቀጥታ ወደ ቤት ሂዱ።

ጋራዥ ውስጥ በወጥመድ የተያዘ አይጥ ለእባብ አይሰጥም። መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል፤ ጥገኛ ትሎችም ይኖሩበታል። በሕይወት ያለ አይጥም አይመከርም፤ ራሱን ሲከላከል እባቡን ይነክሳል፣ ያቆስላል።

በረዶውን ስታስለቅቁ

ከተቻለ ለአይጡ ብቻ የሚሆን ትንሽ ፍሪዘር ጋራዥ ወይም ልብስ ማጠቢያ ክፍል አስቀምጡ። ካልተቻለ በሁለት ፌስታል አሽጉና ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ከፍሪዘሩ ሥር፣ ከምግብ ሁሉ በታች አኑሩት። በላዩ ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉበት። እንግዳ የመጣች አክስት ዶሮ መስሏት እንዳታወጣው!

ማይክሮዌቭ በፍጹም! ሥጋውን እኩል አያሞቀውም፤ አንዱ ጋ በረዶ ሆኖ ሌላው ጋ ይበስላል፣ ይፈነዳል፣ የእባቡንም አፍ ሊያቃጥል ይችላል። በዚያ ላይ ነገ ሽሮ የምታሞቁበት ዕቃ ነው። ጠረጴዛ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ መተውም ልክ አይደለም። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሙቀት ባክቴሪያ የሚራባበት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ይኸው፦

1. ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል ባልዲና ረጅም መቆንጠጫ ግዙ። ወደ ኩሽና ፈጽሞ አይገቡም።
2. አይጡን ዚፕሎክ ውስጥ እንደታሸገ ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ክተቱት። ፒንኪ ቶሎ ይለቃል፤ ትልቅ አይጥ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል።
3. በፌስታሉ ላይ ሆዱን ጫን ጫን አድርጉ። መሀሉ ላይ ጠንካራ ነገር ከተሰማችሁ ገና ነው።
4. ሙሉ በሙሉ ሲለቅ፣ ሊሰጥ ሲል ለጥቂት ደቂቃ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ አድርጉት። የፈላ ውኃ አይሁን። እባቡ ምግቡን የሚለየው በሽታና በሙቀት ስለሆነ ቀዝቃዛውን ብዙ ጊዜ አይነካውም።
5. በጓንት አውጥታችሁ በመቆንጠጫ ስጡት። በእጅ አይሰጥም፤ አይጥ አይጥ የሚሸት ጣት ለእባቡ ምግብ ነው።
6. ውኃውን ሽንት ቤት ድፉ እንጂ ዕቃ የሚታጠብበት ሲንክ ውስጥ አትድፉ። ባልዲውንና መቆንጠጫውን በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ በውኃ በቀጠነ በረኪና አጽዱ።
7. እጃችሁን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ታጠቡ።

እባቡ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልበላው አይጡ ይጣላል። እንደገና ፍሪዘር አይመለስም። ምግብ ቤቴ ውስጥም ለሥጋ የምከተለው ሕግ ይኸው ነው፤ ብር ቢያሳዝንም ይጣላል። እባቡ ከበላ በኋላ ደግሞ ለሁለት ቀን አይነካም፤ ከተነካካ ሊተፋው ይችላል።

ለልጆች

ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። እባብ መውደዳችሁ ነውር አይደለም። ከወላጆቻችሁ «እሺ» ማግኘት ከፈለጋችሁ ግን በለቅሶ አትጠይቁ፤ በሥራ ጠይቁ። ለአንድ ወር ያህል ከትምህርት ቤት ስትመለሱና ከምግብ በፊት ማንም ሳያስታውሳችሁ እጃችሁን ታጠቡ። በየአሥር ቀኑ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉና በዚያ ቀን የቤቱን ቆሻሻ ራሳችሁ አውጡ። አንድም ቀን ካልረሳችሁ፣ እባቡን መመገብም አትረሱም ማለት ነው። እባቡ ከመጣ በኋላም የአይጡን በረዶ ማስለቀቅና ባልዲውን ማጠብ የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ የእናንተ ሥራ ቀኑን መቁጠርና አጠገባቸው ቆሞ መማር ነው። እባቡን አትሳሙት፣ ፊታችሁ ላይ አታድርጉት፣ ምግብ በሚበላበት ክፍልም አታምጡት።

ወላጆች፣ የእናንተ ፈተና ደግሞ ይህ ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩና ባልዲው የሚቀመጥበትን ቦታ ፈልጉ። ከምድጃው፣ ከሲንኩና ከመሶቡ የራቀ ቦታ ካገኛችሁ፣ ስለ እባቡ መነጋገር ትችላላችሁ። ካላገኛችሁ ግን ለልጃችሁ ቦታውን አሳዩትና «ቤታችን ሲሰፋ» በሉት።