ቀድሞ የተናገረ ለምን ይቀጣል?

ተረት፦ በሽታውን መጀመሪያ የተናገረ አገር የበሽታው ምንጭ ነው።

እውነታ፦ ደቡብ አፍሪካ ኋላ ኦሚክሮን የተባለውን የኮሮና ዝርያ ለዓለም ጤና ድርጅት ያሳወቀችው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 2021 ነው። በቀናት ውስጥ ብሪታንያ፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮችና አሜሪካ በደቡባዊ አፍሪካ ላይ የጉዞ ዕገዳ ጣሉ። ኔዘርላንድስ ግን የቆዩ ናሙናዎቿን መልሳ ስትመረምር፣ ኦሚክሮን በኖቬምበር 19 በተወሰደ ናሙና ውስጥ ተገኘ፤ ማለትም ደቡብ አፍሪካ ከመናገሯ በፊት አውሮፓ ገብቶ ነበር። ቀድሞ ማሳወቅ የሚመሰክረው ለላቦራቶሪዎች ንቃት እንጂ ለበሽታው መነሻ አይደለም።

ተረት፦ ድንበር ከተዘጋ በሽታው አይገባም።

እውነታ፦ አሜሪካ ስምንት አገሮችን አግዳም ዲሴምበር ሳያልቅ ኦሚክሮን እዚያው ዋነኛው ዝርያ ሆነ። ዕገዳ ለዝግጅት ጥቂት ቀን ያተርፍ ይሆናል። ጉዳቱ ግን ይከፋል፦ የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች በረራ ሲቋረጥ የምርመራ ኬሚካል እንዳያልቅባቸው ሰግተው ነበር። ይህን ያየ የሌላ አገር ባለሥልጣን በሚቀጥለው ጊዜ ለማሳወቅ ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ተረት፦ የዓለም ጤና ድርጅት አገሮችን ያዛል።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ አንድ አገር አሳሳቢ ክስተትን በ48 ሰዓት ገምግሞ፣ ከዚያ በ24 ሰዓት እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ላላከበረው ግን ቅጣት የለውም። ያለ በቂ ምክንያት በረራ የሚያግደውንም ምክንያቱን ከመጠየቅና ዕገዳውን ዳግም እንዲያጤነው ከማሳሰብ አያልፍም። ድርጅቱ ያለው ኃይል ጆሮ ነው፤ ከመገናኛ ብዙኃን የሰማውን ይዞ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ መንግሥትን መጠየቅ ይችላል።

ተረት፦ የበሽታ ቁጥጥር የኬላና የአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ነው።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ሞቃዲሾ ላይ የታየው የልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ወደ ኬንያና ወደ እኛው ሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ተሻገረ። ውኃና ግጦሽ ተከትሎ የሚሄድ አርብቶ አደር በኬላ አያልፍም። እዚያ የበሽታ ቅኝት ማለት እጅ እግሩ በድንገት የዛለ ልጅ ሲያይ ለጤና ኬላ የሚናገር የመንደር ሰው ነው። የልጁ የሰገራ ናሙና ሕመሙ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ካልተወሰደ ቫይረሱን ማግኘት ያዳግታል።

ተረት፦ የቢጫ ወባ ካርድ በ10 ዓመት ይቃጠላል።

እውነታ፦ ከዓለም አቀፉ የጤና ደንብ ማሻሻያ ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2016 ጀምሮ፣ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የመጀመሪያው ክትባት ግን የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ነውና በጉዞ ዋዜማ መከተብ ኬላው ላይ አያሳልፍም።